ድብልቅ የማሕፀን በር ካንሰር ከየት ይመጣል? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እናቴ 56 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ዘጌ ነው። የወር አበባ ካቋረጠች ከዓመታት በኋላ ደም ስላየች ባሕር ዳር አምጥተን አስመረመርናት። ከማሕፀን በሯ ናሙና ተወስዶ የመጣው ውጤት ‹አዴኖስኳመስ ካርሲኖማ› ይላል። ያነበበልን ሐኪም የሁለት ዓይነት ካንሰር ድብልቅ ነው አለን። ሁለት ካንሰር በአንድ ጊዜ ያዛት ማለት ነው? ወይስ የሌላ ሰው ናሙና ተቀላቅሎ ይሆን? ናሙናው እንደገና ይወሰድ? ከየትስ መጣባት? እኔ 33 ዓመቴ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅም አለችኝ። እኛንስ ያሰጋናል?»

ምላሽ፦ እኅቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሌሊት እንቅልፍ የነሣዎትን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፦ እናትዎን የያዛቸው አንድ ካንሰር ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ስም የተጣመረው ዕባጩ ሁለት መልክ ስላለው ነው እንጂ ሁለት በሽታ ስለተገናኘባቸው አይደለም። የናሙና መቀላቀልን መፍራትዎን አልነቅፍም፤ ፓቶሎጂ ክፍል (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት) የምንሠራ ሰዎች ራሳችን ዘወትር የምንጠነቀቅበት ነገር ነው። የተቀላቀለ ናሙና ግን መልኩ ሌላ ነው። እዚህ ቁራሽ፣ እዚያ ደግሞ ከእርሱ ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ቁራሽ ለብቻው ተንሳፎ ይታያል። በድብልቅ ካንሰር ሁለቱ መልኮች የሚታዩት በአንዷ ቁራሽ ውስጥ፣ ተጋምደው ነው።

እንዲህ ዓይነት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሥር ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ከማሕፀን በር የተቆረጠችው ሥጋ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናት። በፎርማሊን ታድራለች፤ ከዚያ በፓራፊን ሰም ትታሸግና ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ውፍረት እየተቆረጠች መስታወት ላይ ትዘረጋለች። ሄማቶክሲሊን የሚባለው ቀለም የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ፣ ኢዮሲን ደግሞ የቀረውን ክፍል ሮዝ ያደርገዋል። በዝቅተኛ ማጉያ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሮዝ የሆነ የጠፍጣፋ ሕዋሳት ክምር ነው፤ መካከሉ ላይ ኬራቲን (ጥፍርና ጠጉር የሚሠሩበት ፕሮቲን) ተጠቅልሎ ክብ ክብ ሠርቷል። ማጉያው ከፍ ሲል በሕዋሳቱ መካከል የተዘረጉ ቀጫጭን ድልድዮች ይታያሉ። መስታወቱን ጥቂት ሲገፉት እዚያው ክምር ውስጥ መሐሉ ክፍት የሆነ ዕጢ ይመጣል፤ ዙሪያውን ረጃጅም ሕዋሳት ቆመውበታል፣ ውስጡ ግራጫማ ሰማያዊ ንፍጥ ይዟል። በሁለቱ መካከል የሚለይ ግድግዳ የለም። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ጣቴን አስቀምጬ ላሳይ ብል አልችልም። ሐኪሙ «ድብልቅ» ያለዎት ይህንን ነው።

ስሙን ለመስጠትም ደንብ አለው። ጠፍጣፋውም ሆነ ንፍጥ አመንጪው ክፍል በተለመደው ቀለም በግልጽ መታየት አለበት። ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ በሚመስል ካንሰር ውስጥ በልዩ ማቅለሚያ ፈልገን ሁለት ሦስት የንፍጥ ጠብታ ብናገኝ፣ ያ ብቻውን ድብልቅ አያሰኘውም።

ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ አለኝ፤ ምክንያቱም ስለዚህ በሽታ እጅግ የሚያስደንቀው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የማሕፀን በር ሁለት ዓይነት ሽፋን አለው። ወደ ብልት በኩል ያለው ውጫዊ ክፍል በብዙ ድርብ በተነባበሩ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ሲሆን ሥራቸው መከላከል ነው። ወደ ማሕፀን የሚያስገባው ጠባብ ቦይ ደግሞ በአንድ ረድፍ የቆሙ ረጃጅም ሕዋሳት አሉት፤ እነዚህ ንፍጥ ያመነጫሉ። የጠፍጣፋዎቹን መልክ የያዘው ካንሰር ስኳመስ፣ የአመንጪዎቹን መልክ የያዘው አዴኖካርሲኖማ ይባላል። በዓለም ላይ ከሚታየው የማሕፀን በር ካንሰር ከመቶ 70 እስከ 80 የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። ሁለቱን በአንድ ዕባጭ የያዘው የእናትዎ ዓይነት ከመቶ 5 ወይም 6 ቢሆን ነው።

ሁለቱ ሽፋኖች የሚገናኙበት መስመር ቋሚ ድንበር አይደለም። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ክረምቱ ሲያልቅ ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉን ያጥለቀልቃል፣ በበጋ ይሸሽና ውኃ የነበረበት መሬት ይታረሳል። የማሕፀን በር ድንበርም በጉርምስናና በእርግዝና ጊዜ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከማረጥ በኋላ ደግሞ ወደ ቦዩ ውስጥ ይሸሻል። ወደ ውጭ በወጣበት ጊዜ አመንጪው ሽፋን ከብልት አሲድ ጋር ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ቀስ በቀስ በጠፍጣፋ ሽፋን ይተካል። ይህ በጤናማ ሴት ሁሉ የሚካሄድ ነው። ካንሰሩም በአብዛኛው የሚነሣው ከዚሁ፣ የሽፋን ለውጥ ከሚካሄድበት ቀጠና ነው።

ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ የሚገባውም በዚያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 የሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስን 16 ቁጥር ዓይነት፣ በ1984 ደግሞ 18 ቁጥሩን ከማሕፀን በር ካንሰር ለይተው አወጡ፤ ለዚህ ሥራ ዙር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት። ኢ6 ፒ53 የተባለውን የሕዋስ ጠባቂ ያስወግዳል፤ ኢ7 ደግሞ ሕዋሱ ያለ ልክ እንዳይከፋፈል የሚገታውን አርቢ የተባለ ፕሮቲን ከሥራ ውጪ ያደርጋል። 16 ቁጥር በስኳመስ ካንሰር ላይ በብዛት ይገኛል። 18 ቁጥር ግን በአመንጪዎቹና በድብልቆቹ ላይ ድርሻው ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ቤት ውስጥ የሚነሣ ነገር ስለሆነ ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑ ሲነገር እናቶች ያፍራሉ፣ ባሎች ይጠራጠራሉ። በሕይወቱ ግንኙነት ያደረገ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ይህን ቫይረስ አንድ ጊዜ ይገናኘዋል፤ ብዙዎች በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳያውቁት ይድናሉ። በጥቂቶች ላይ ይቆይና ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። የእናትዎ በሽታ የማንም ጥፋት ማስረጃ አይደለም፤ እባክዎ ይህንን ለአባትዎም ይንገሯቸው።

ወደ ሕዋሱ እንመለስ። አንድ ካንሰር እንዴት ሁለት መልክ ይይዛል? ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ «የመጠባበቂያ ሕዋሳት» የሚለው ነው። ከረጃጅሞቹ አመንጪ ሕዋሳት ሥር ተደብቀው የሚኖሩ ትናንሽ ሕዋሳት አሉ፤ ሽፋኑ መተካት ሲያስፈልገው የሚነሡት እነርሱ ናቸው። ቫይረሱ እንዲህ ያለውን፣ ገና መንገዱን ያልጨረሰ ሕዋስ ሲይዘው ልጆቹ ከፊሎቹ ወደ ጠፍጣፋ፣ ከፊሎቹ ወደ አመንጪ ይሄዳሉ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በቦስተን የሚገኙ ተመራማሪዎች በድንበሩ መስመር ላይ ብቻ የሚገኙ፣ ከፅንስ ዘመን የቀሩ የሚመስሉ ጥቂት ሕዋሳት ለይተው አሳዩ። እነዚህ ሕዋሳት ሳይቶኬራቲን 7 የተባለ ፕሮቲን አላቸው፤ ያው ምልክት በካንሰሩና በከባድ ቅድመ ካንሰር ለውጦች ላይም ይገኛል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ድንበሩ በሕክምና ተቆርጦ ከወጣ በኋላ እነዚያ ሕዋሳት ተመልሰው ሲበቅሉ አልታዩም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ከጀርመን የወጣ ጥናት ነገሩን አወሳሰበው። የማሕፀን በርን ሕዋሳት በላቦራቶሪ አሳድገው ሲከታተሉ፣ ጠፍጣፋውና አመንጪው ሽፋን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግንደ ሕዋስ (ሌሎች ሕዋሳት የሚወለዱበት) እንዳላቸው፣ የመጠባበቂያ ሕዋሳቱም በእንቅልፍ ላይ ያሉ የጠፍጣፋው ወገን ግንደ ሕዋሳት እንደሆኑ አሳዩ። ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ግን ለድብልቁ ካንሰር ሚዛን የሚደፋው ማስረጃ ከራሱ ከዕባጩ የሚገኘው ነው እላለሁ። የቫይረሱ ዘረመል በሰው ክሮሞሶም ውስጥ ሲሰካ የሚገባበት ቦታ ከታማሚ ታማሚ ይለያያል። ከአንድ ዕባጭ ጠፍጣፋው ክፍልና አመንጪው ክፍል ለየብቻ ተወስደው ሲመረመሩ፣ አንድ ዓይነት ቫይረስ በአንድ ቦታ ተሰክቶ ከተገኘ፣ ሁለቱ ከአንድ እናት ሕዋስ ወርደዋል ማለት ነው፤ ይህ በአጋጣሚ ሁለት ጊዜ ሊሆን አይችልም።

ሌላ ምስክርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተገለጸ አንድ ቅድመ ካንሰር ለውጥ አለ፤ ሕዋሳቱ እንደ ጠፍጣፋዎቹ ድርብርብ ሆነው ከታች እስከ ላይ ግን ንፍጥ ያዘሉ ናቸው። አጠገቡ ብዙ ጊዜ የጠፍጣፋውም የአመንጪውም ቅድመ ካንሰር አብሮ ይገኛል። ማለትም ድብልቅነቱ የሚጀምረው ዕባጭ ከመሆኑ በፊት፣ ገና ሽፋኑ ላይ እያለ ነው። ሁለት ካንሰሮች ለየብቻቸው ተነሥተው የሚጋጩበት ሁኔታም ከነጭራሹ የለም አልልም፤ እርሱ ግን እጅግ ጥቂት ነው፣ በመካከላቸውም ድንበር ይታያል።

ከዚሁ ቤተሰብ የሚቆጠሩ ሌሎችም አሉ። ግሉክስማንና ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1956 የገለጹት፣ ሕዋሳቱ ትላልቅ፣ ውስጣቸው ደብዘዝ ያለ፣ ዙሪያቸውን ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚከቧቸው ዓይነት ዛሬ በደንብ ያልበሰለ አዴኖስኳመስ ተደርጎ ይቆጠራል። ከነርቭና ከሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት ጋር የሚመሳሰል ክፍል የተቀላቀለበት ዓይነትም አለ፤ ይህኛው በፍጥነት ስለሚሠራጭና መድኃኒቱም ስለሚለይ ሲናፕቶፊዚንና ክሮሞግራኒን በተባሉ ማቅለሚያዎች መፈለግ አለበት። ካንሰሩ ከሥጋና ከአጥንት ዓይነት ሕብረ ሕዋስ ጋር የሚደባለቅበትም አለ፤ የእናትዎ ውጤት ይህን አይልምና አልገባበትም።

አሁን ወደ ናሙናው ልመለስ። እርስዎ የጠረጠሩት የናሙና መቀላቀልን ነው፤ እኔ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ካንሰሩ የተነሣው ከማሕፀን በሩ ነው ወይስ ከማሕፀኑ ውስጥ ወደ በሩ ወርዶ ነው?» ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም የማሕፀን ግድግዳ ካንሰርም ዋነኛ ምልክት ነው። ያ ካንሰር አመንጪ ሆኖ ሳለ በውስጡ ጠፍጣፋ ክፍሎችን መያዙ የተለመደ ነው፤ ወደ በሩ ከወረደና ከዚያ ትንሽ ቁራሽ ከተወሰደ ድብልቅ የማሕፀን በር ካንሰር መስሎ ሊታይ ይችላል። ሕክምናቸው ይለያያል፤ ለማሕፀን ግድግዳው ካንሰር ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ቀዳሚ ሲሆን፣ ገፋ ላለ የማሕፀን በር ካንሰር ግን ጨረር ከኬሞቴራፒ ጋር ይቀድማል። ለመለየት ፒ16 የተባለው ማቅለሚያ ይረዳል፤ ከቫይረሱ የመጣ ካንሰር በዚህ ማቅለሚያ ከዳር እስከ ዳር ይቀለማል። የኢስትሮጅን ተቀባይ ማቅለሚያ ደግሞ ወደ ማሕፀን ግድግዳው ያመለክታል። አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ዕባጩ መካከሉን የት እንዳደረገ ያሳያል።

ስለዚህ ናሙናውን እንደገና ለማስወሰድ አይቸኩሉ። ደም በሚፈሳቸው እናት ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው፤ ያለው ናሙና በቂ አይደለም ካልተባለ በስተቀር አያስፈልግም። ይልቅ ሰሙን፣ እኛ ብሎክ የምንለውን፣ ከመስታወቱ ጋር ይጠይቁና ይረከቡ። ብሎኩ ለብዙ ዓመታት አይበላሽም፤ ከእርሱ አዲስ ቁራጭ ወስዶ ሌላ ፓቶሎጂስት ሊያነበው፣ ማቅለሚያዎቹንም ሊያሠራበት ይችላል። ከፀሐይና ከሙቀት ብቻ ይጠብቁት። ሁለተኛ ንባብ መጠየቅ የመጀመሪያውን ሐኪም መስደብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ከሄንሪየታ ላክስ የማሕፀን በር የተወሰደው ካንሰር፣ ሕዋሳቱ ዛሬም በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ የሚያድጉት፣ በወቅቱ ስኳመስ ተብሎ ነበር። መስታወቱ እንደገና ሲታይ አዴኖካርሲኖማ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ የታተመው በ1971 ነው። በኋላም በሕዋሳቱ ውስጥ 18 ቁጥር ቫይረስ ተገኝቷል።

በይነመረብ ላይ «ድብልቁ ይከፋል» የሚል አንብበው ይሆናል። በጊዜ ከተደረሰበት ከሌሎቹ ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ገፋ ባለ ደረጃ ላይ ለጨረር የሚሰጠው ምላሽ ከስኳመስ ዝቅ እንደሚል ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ልዩነት የለም ያሉም አሉ። ከስሙ ይልቅ ዕጣውን የሚወስነው ደረጃው፣ ማለትም ካንሰሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ ነው፤ እርስዎ በላኩልኝ ወረቀት ላይ ደግሞ ደረጃ የሚባል ነገር አልተጻፈም። አሁን ኃይልዎን በሙሉ እዚህ ላይ ያውሉት። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት በእጅ መርምሮ ዕባጩ ከበሩ አልፎ ወደ ጎን መድረስ አለመድረሱን ይመዝግብ። ኩላሊታቸው በአልትራሳውንድ ይታይ፤ ዕባጩ የሽንት ቧንቧን ተጭኖ ኩላሊት ካሳበጠ ደረጃው ሦስተኛ ይሆናል፣ ሲስፕላቲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት መስጠትም ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በምስል ወይም በናሙና በሊምፍ ዕጢዎች ላይ የተገኘ ካንሰርም ደረጃውን ወደ ሦስተኛ ያወጣዋል። የደም መጠናቸው ይለካ፤ ዝቅ ካለ ደም ይሰጣቸው፣ ጨረሩም በደንብ እንዲሠራ ይረዳል። የኤችአይቪ ምርመራም ያድርጉ፤ ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሴቶች የማሕፀን በር ካንሰር ስድስት እጥፍ ያህል ይበዛል፣ ካለም መድኃኒቱ ሳይዘገይ መጀመር አለበት።

በሩ ላይ ብቻ ካለና ትንሽ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ካለፈ ጨረርና በየሳምንቱ የሚሰጥ ሲስፕላቲን ነው፤ በመጨረሻም ከውስጥ በኩል የሚሰጠው ጨረር ይጨመራል። ጨረሩ ከተጀመረ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከስምንት ሳምንት ማለፍ የለበትም፤ መቋረጡ በግልጽ ይጎዳል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ከተላኩ ለሁለት ወር ማረፊያና አስታማሚ ከወዲሁ ያዘጋጁ። ሰዎች ገና ጉዞ ሳይጀምሩ ገንዘቡን በተደጋጋሚ ምርመራ ጨርሰው ሕክምናው መሐል ላይ ሲያቋርጡ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። እናትዎ ጸበል ልጠመቅ ቢሉ አይከልክሏቸው፤ ቀጠሮው ግን አይለፍ።

እርስዎና ልጅዎን በተመለከተ፣ ይህ ካንሰር ከእናት ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ አይደለም። ሥጋቱ ለማንኛዋም ሴት አለ፤ ማንኛዋም ሴት ደግሞ መመርመር አለባት። በአገራችን ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል፤ እርስዎ 33 ዓመትዎ ነውና ጊዜዎ አሁን ነው። በጤና ጣቢያ በብዛት የሚሠራው በሩን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ ነጭ የሚሆን ቦታ መፈለግ ነው። ለጠፍጣፋው ዓይነት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ገብቶ የተደበቀውን አመንጪውንና ድብልቁን ዓይነት ግን ሊስት ይችላል። የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ የሚሠራበት ቦታ ካገኙ እርሱን ይምረጡ፤ ናሙናውን ራስዎ መውሰድም ይችላሉ። ውጤቱ ነፃ ሆኖ እንኳ ከግንኙነት በኋላ ወይም በሁለት የወር አበባ መካከል ደም ካዩ ሄደው ይታዩ።

ለልጅዎ ክትባቱ አለ። በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው፤ 16ንም 18ንም ይከላከላል፣ ማለትም የአያቷን ዓይነት ካንሰር በብዛት የሚያመጡትን ሁለቱን። ከ9 እስከ 14 ያለው ዕድሜ ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቷን ወይም የቀበሌዎን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ፤ ካልወሰደች ትውሰድ። የኩላሊቱ አልትራሳውንድና የፒ16 ውጤት ሲደርስዎ ደግሞ የተጻፈውን እንዳለ ይላኩልኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ አብራራልዎታለሁ።